ልብ ያልቻለውን ድንች ቻለው

አታምኑኝም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ አታምኑኝም። በፈለጋችሁት እንወራረድ። አንድ ያረፉ አባት ድንች ውስጥ ገብተው የልጃቸውን ሰርግ ታደሙ፣ ልጃቸውን ሸኙ፣ በመሀልም አማቻቸውን በሰው ሁሉ ፊት አሳቁበት ብላችሁ «ይቺ ልጅ ደግሞ ጀመራት» ነው የምትሉ። ይሁን፣ በሉ። እኔ የምዋሽባቸው ቀኖች እንዳሉኝ ደብረ ታቦር ያውቀዋል። ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ለማመስገን ነው የመጣሁ፤ እያመሰገኑ መዋሸት ደግሞ ለኔም ቢሆን ነውር ነው።

መቼም ሰው ፎቶ ላይ ሲሆን ጉድ ነው። ድሮ የኛ አገር ሰው የሚነሳው በአራት ማዕዘን ነበር፤ ትንፋሹን ውጦ፣ ትከሻውን ሰቅሎ፣ ፎቶ አንሺው ጠበኛው ይመስል ዓይኑን አፍጥጦ። እሱ ቀረ። አሁን ሙሽራ በልብ ቅርጽ ካልገባ የተዳረ አይመስለውም። ተመራቂ ኮከብ ይፈልጋል። ክርስትና የተነሳ ሕፃን ርግብ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይታያል፤ ለማያውቅ ሰው ርግቧ የዋጠችው ነው የሚመስል። አንድ የተከበሩ ሰውዬ ደግሞ «እኔን በኢትዮጵያ ካርታ ውስጥ አርጉኝ» ብለው መጡና ግንባራቸው ሰሜን ቀርቶ አገጫቸው ሞያሌ ወረደ፤ ሁለቱ ጆሮዎቻቸው ድንበር ተሻግረው ጠፉ። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱ።

የዚህ ሁሉ ጠንቅ እታለም ናት። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ሙሉን ነው። ቤሩት የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ መጣችና፣ መናኸሪያውን አለፍ ብሎ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ከፈተች፤ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ካሜራ፣ ለጀርባ የሚሆን አንድ ሰፊ ነጭ መጋረጃ፣ አንዲት ረዳት። ረዳቷ እኔ ነኝ፣ ፈንታነሽ፤ ከትምህርት ቤት መልስ የምገኝ። መጋረጃውን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ሥራ አለበት። እታለም ሙያውን የተማረችው እዚያው በሰው አገር ነው። እኛ ለበዓል ተሰብስበን የተነሳነውን ፎቶ በስልክ ስንልክላት፣ የራሷን መልክ በክብ አርጋ ከጥጉ ላይ ትጨምርና መልሳ ትልክልን ነበር። እማዬ «ልጄ በመስኮት እያየችን ነው» እያለች ያንን ክብ በጣቷ ትዳብሰው ነበር። ስለዚህ እታለም ስትቆጣኝ አልቀየማትም። ብዙ ጊዜ ነው የምትቆጣኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅርጹን ትስላላችሁ። ፎቶውን ከላዩ ታመጣላችሁ። ከዚያ አንድ ቦታ ትነካላችሁ፤ ፎቶው ሹልክ ብሎ ቅርጹ ውስጥ ይገባና የተረፈው አይታይም። «ማስክ» ነው የሚሉት። አሁን ስሙኝ፤ አይታይም አልኩ እንጂ ተቆረጠ አላልኩም። ቅርጹ ያላስገባው ሁሉ እዚያው ነው ያለ፣ ተሸፍኖ። ፎቶውን በማውስ ይዛችሁ ሳብ ብታረጉት ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ጋቢ የተከናነበ ሰው ክንዱ አይታይም፤ አይታይም ተብሎ ግን ክንድ የለውም ይባላል? አትድፈሩ፣ በዚያው በማይታየው ክንድ ያቀምሳችኋል።

ለእንደኔ ላለች ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። የሒሳብ አስተማሪያችንን ከበሮ ውስጥ አስገብቻለሁ። እታለምን ካላገባሁ እያለ ሲመላለስ የነበረውን ባለ ባጃጅ ደግሞ በአህያ ጆሮ ቅርጽ ሠራሁትና እሷ እንድታየው ስክሪኑ ላይ ትቼላት ወጣሁ። ቀድሞ የገባው እሱ ራሱ ሆነ። በዚያው ቀረ። እታለም እስከ ዛሬ «ልወደው ትንሽ ነበር የቀረኝ» ትለኛለች፤ እኔም «ስለዚህ ደረስኩልሽ» እላታለሁ፤ ከዚያ እሮጣለሁ።

እንግዲህ ጥር ገባ። ጥር ሲገባ የኛ አገር ሰው ግማሹ ይዳራል፣ ግማሹ ይድራል፣ የቀረው ይበላል። ፎቶ ቤት ደግሞ መብላት የለ፣ መቀመጥ የለ፤ ያ ሰርገኛ ከደረሰ በኋላ በርበሬ ቅንጠሳ የሚባለው ነገር እኛ ቤት ነው የሚኖረው። ሁሉም ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ፣ ለሰርጉ ሦስት ሌሊት ሲቀረው «ባነር!» ብሎ ይመጣል።

በዚያ ሰሞን ሁለት ሰዎች ገቡ። አንዷ ጥሩዬ ናት፣ ሙሽራዋ፤ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ ከጉና ተራራ ሥር ካሉት መንደሮች የመጣች፣ ከኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ። ሌላው አያ ደሴ ናቸው፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም። አያ ደሴን አይታችኋቸው ባታውቁም ታውቋቸዋላችሁ፤ በየአገሩ አንድ አንድ አሉ። ሽምግልና ያለ እሳቸው አይቀመጥም፣ በግ ያለ እሳቸው አይገዛም። በግ ሲገዙ ላቱን ይመዝናሉ፣ ጥርሱን ያያሉ፣ ጆሮውን ገልብጠው ይመረምራሉ። እህል ሲሸምቱ የጆንያውን አፍ አያዩትም፤ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ሰደው ከሥር ዘግነው ነው የሚያዩ። ገበያ ውስጥ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ዞር በሉ፣ አያ ደሴ ናቸው።

ጥሩዬ ስልኳን ሰጠችን። ፎቶው ቃል የታሰረ ዕለት የተነሳ ነው። እሷና እጮኛዋ ሞላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው፣ በሁለቱ ጭንቅላት መሀል፣ አባቷ አያ ታከለ ቆመዋል፤ አንድ እጃቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አርገው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ጥርሳቸው እስኪያልቅ እየሳቁ። እንዲህ የሳቀ ሽማግሌ በፎቶ አይቼ አላውቅም። የኛ ሽማግሌ ካሜራ ሲያይ ሳቁን ወደ ኪሱ ነው የሚከተው።

አያ ታከለ ያለፈው ክረምት ሳይወጣ አረፉ። ሲያርፉ የተናገሩት «ሰርጓን እንዳታዘገዩባት» የሚል ነው። ቃላቸው ነውና አልዘገየም።

«ሁለቱን ብቻ አውጡልኝ» አሉ አያ ደሴ። «ወንድሜ አይታይ።»

«ምነው አያ? ደስ የሚል ፎቶ አይደል?» አለች እታለም።

«ደስማ ይላል። እናቷ ግን ጥቁር ለብሳ ነው ያለች። ለዚያች ቀን ብቻ በስንት ልመና አውልቂ ብለናታል። ዳስ ስትገባ እሱ እንዲህ እየሳቀ ቢቆያት፣ ሰርግ ነው የምንበላ ለቅሶ ነው የምንቀመጥ? የሰርግ ቀን እንባ አይወድቅም። ሸፍኑት።»

ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር፤ በሩ ላይ ደግሞ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም። ወንድማቸው ናቸው እኮ።

«ግድ የለም፣ በልብ ማስክ እናረገዋለን» አለች እታለም።

አያ ደሴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አረጉ። «ያ በሽታ ተመለሰ እንዴ?»

አስረዳናቸው። ልቡንም ሠርተን አሳየናቸው። የልብን ቅርጽ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ሁለት ጉብታ አለው፣ መሀሉ ስርጉድ ይላል። በአንዱ ጉብታ ጥሩዬ ገባች፣ በሌላው ሞላ፤ ስርጉዱ ደግሞ አያ ታከለ ላይ ዐረፈ። ልክክ አለ። እንዲያ ልክክ ማለቱ ነው ያናደደኝ። ልብ የፍቅር ምልክት ነው ይላሉ፤ እኔ እዚህ ቤት ከሠራሁ ወዲህ የማውቀው ግን፣ ለሁለት ሰው ሲሆን ደግ፣ ለሦስተኛው ሰው ግን ጨካኝ መሆኑን ነው።

አያ ደሴ «ይበጃል» ብለው ወጡ። ጥሩዬም ተከትላቸው ወጣች። እታለም ለሌላ ሰርገኛ መብራት ልታስተካክል ወደ ጓዳ ስትገባ ጥሩዬ ተመለሰች። «ነጠላዬን ረስቼ ነው» አለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

«ፈንታ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «አባዬን ቆረጣችሁት?»

«ኧረ አልተቆረጡም። እዚሁ ናቸው።»

«የት?»

ፎቶውን በማውስ ይዤ ወደ ታች ሳብ አረግሁላት። በስርጉዱ በኩል መጀመሪያ አገጫቸው ብቅ አለ፣ ከዚያ ያ ሳቃቸው፣ ከዚያ ዓይናቸው። ሞላ በአንፃሩ ወደ ጠባቡ ወርዶ ግማሽ ጆሮ ሆኖ ቀረ። ጥሩዬ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ ነጠላው ያን ጊዜ ጠቀማት።

«ስወጣ የማንን ጉልበት ነው የምስም?» አለችኝ። በኛ አገር ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ያባትና የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትወጣው፤ ያ ሳይሆን እግሯ ደጁን አይረግጥም። «አያ ደሴ በአባዬ ወንበር ሊቀመጡ ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ፤ ግን አባዬ አይደሉም። አንድ አፍታ፣ ስነሳ ብቻ ባየው ይበቃኝ ነበር። እናቴ እንድታለቅስ ደግሞ አልፈልግም። እንዴት ይሆናል?»

እንዴት እንደሚሆን አላወቅሁም። ዝም ማለት ደግሞ አልተፈጠረልኝምና «ምን ብለው ነው እንዲህ የሳቁት?» አልኳት።

«እሱማ ሞላን ሲሰድበው ነው» አለችና ፊቷ በራ። ሞላ የገሳይ ልጅ ነው፤ ድንች ያመርታል፣ ድንች ይነግዳል፣ ፊቱም እግዜር ይይለትና ክብ ነው። «አባዬ ገና ሲያየው 'ልጄን ለሰው ልሰጥ መስሎኝ ለድንች ሰጠኋት' አለ። ከዚያ ወዲያ ስሙን ጠርቶት አያውቅም። 'ና እስቲ ድንቼ፣ ተቀመጥ ድንቼ።' ሞላ በላብ ይጠመቃል፣ እናቴ በሳቅ ትፈርሳለች። እናቴ እንዲያ ስትስቅ... ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።»

ድንች። ይህን ነገር ለኔ መንገር አልነበረባትም። ወይም ነበረባት።

«ለኔ ተይው» አልኳት። ይህን ቃል ከኔ አፍ ሰምቶ በሰላም የሚያድር ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ የለም። እሷ ግን የገጠር ልጅ ናት፣ አታውቀኝም፤ አምናኝ ሄደች።

ቁጭ አልኩ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ልብ አለ፣ ኮከብ አለ፣ ጨረቃ አለ፣ ደመና አለ። ድንች የለም። የሠሩት ሰዎች ገሳይን አያውቋትም። ስለዚህ በእጄ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ድንች ሣልሁ። ፎቶውን ከተትኩት። ጥሩዬ ገባች፣ ሞላ ገባ፣ በላይ በኩል አያ ታከለ ከነሳቃቸው ተመቻችተው ገቡ። ድንች ሰፊ ነው እናንተ! መሀል ላይ ስርጉድ የለው፣ ጫፍ ላይ ሹል የለው፤ ማንንም «አንተ ውጣ» አይልም። አንድ ነገር ብቻ አልገባም፤ ልጃቸው ትከሻ ላይ ያረፈችው እጃቸው። እሷ ከውጭ ቀረች። ልብ ላይ ቢሆን ምንም አይደረግም ነበር፤ ልብ ላይ ጉብ ቢወጣ በሽታ ነው። ድንች ላይ ጉብ ቢወጣ ድንች ነው። በዚያ በኩል አንድ ጉብ አወጣሁለትና ያቺን እጅ ከነጣቶቿ አስገባኋት።

ይህን ባሕር ዳር ላክሁት፤ ባነር ሆኖ ተጠቅልሎ በሚኒባስ መጣ። አሁን የቀረው አያ ደሴ ያዘዙት ልብ ነው። እሱን በመቀስ ሠራሁት። የእታለምን ነጭ መጋረጃ ዘርግቼ መሀሉን በልብ ቅርጽ በሳሁትና ከባነሩ ላይ አለበስሁት። በቀዳዳው ሁለት ሙሽሮች ብቻ ይታያሉ፤ አያ ታከለ፣ ድንቹ፣ ጉቡ፣ ሁሉም ከመጋረጃው ሥር ናቸው። ዙሪያውን ወርቃማ ወረቀት ለጠፍሁበት፣ ስማቸውን ጻፍሁበት። ኮምፒውተሩ የሚያረገውን በጨርቅ አረግሁት ማለት ነው። ከላይ ደግሞ መጋረጃውን የያዙትን መርፌዎች በአንድ ክር ሰካኋቸው፤ ክሩ ከተሳበ መርፌዎቹ ተነቅለው መጋረጃው ይወድቃል።

«መጋረጃዬ የት ገባ?» አለች እታለም በማግስቱ።

«ዲዛይን ሆነ።»

መጣችና ጫፉን ገለጥ አረገችው። ያኔ እኔ ወደ በሩ ቀረብ ብዬ ቆሜ ነበር፤ ልምድ ነው። «ፈንታነሽ! ይሄ ምንድነው?»

«ድንች።»

«አያ ደሴ ይህን ቢያዩ ይቺ ፎቶ ቤት በቁሟ ነው የምትቀበር! እኔም ወደ ቤሩት ነው የምመለስ፤ አንቺንም በሻንጣ ይዤሽ ነው የምሄድ!»

ነገርኳት። የጥሩዬን ጥያቄ፣ የድንቹን ነገር፣ ሁሉንም። ባነሩን እንደገና ገለጠችና ጉቡን አየችው። እጃቸውን አየችው። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። እኔም ያን ጊዜ በኛ ፎቶ ጥግ ላይ ትመጣ የነበረችው ክብ ትዝ አለችኝ፤ እታለምም ያቺኑ ክብ ሳታስብ አልቀረችም።

«ክሩን ወፍራም አርጊው» አለች መጨረሻ ላይ። «ይሄ ቀጭን ነው፣ ይበጠስብሻል።»

እንግዲህ እህት ማለት እንዲህ ነው። ስድብም አለበት፣ ወፍራም ክርም አለበት።

የሰርጉ ቀን በጠዋት ሄደን ዳሱ ውስጥ ከሙሽሮቹ መቀመጫ ጀርባ ሰቀልነው። አያ ደሴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ። የዳሱን ምሰሶ ነቀነቁ። አግዳሚውን ተቀመጡበትና ተነሱ። ባነሩን ከፊት አዩት፤ «ልብ ሆኗል፣ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ማሰሪያውን ሊያዩ በጀርባ ዞሩ። ያን ጊዜ የኔ ነፍስ የት እንደነበረች አላውቅም፤ ጣራ ገዳም ደርሳ ሱባኤ ሳትገባ አልቀረችም። ትንሽ ቆዩ። ብቅ ሲሉ ፊታቸው ያው ነው፣ የበግ ገዢ ፊት። «የጉና ነፋስ ኃይለኛ ነው፣ በደንብ እሰሩት» ብለውኝ አለፉ። ተነፈስሁ።

ሞላ ከሚዜዎቹ ጋር መጣ፤ ተዘፈነ፣ ተጨፈረ፣ ተበላ። እኔ ግን የጥሩዬን እናት፣ እትዬ ዘውዴን፣ ነበር የማየው። ነጭ ለብሰዋል። ልብሱ የሰው ልብስ የሆነባቸው ይመስል እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጥተዋል። ለመጣው ሁሉ ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታቸው ግን አፉ ድረስ የሞላ እንስራ እንዳዘለ ሰው ነው፤ አንድ ጠብታ እንዳይፈስ ተጠንቅቀው ነው የሚራመዱ።

የመሸኛው ሰዓት ደረሰ። አያ ደሴ በወንድማቸው ወንበር ተቀመጡ፣ እትዬ ዘውዴ አጠገባቸው። ከጥሩዬ ጋር ጠዋት የተማከርነው እንዲህ ነው፤ ተነስታ ዓይነ ርግቧን ስታስተካክል፣ እኔ ክሩን እስባለሁ። አግዳሚ ላይ ቆሜ ክሩን በጣቴ ጠምጥሜ ጠበቅሁ። ጥሩዬ ተነሳች። ዓይነ ርግቧን አስተካከለች።

እጄ እምቢ አለኝ።

እኔ! አስተማሪ ከበሮ ውስጥ የከተትኩት! እትዬ ዘውዴን አየሁና ያ እንስራ ታየኝ። ብስበውና ቢፈስስ? አያ ደሴ የፈሩት ቢደርስ? ሰርጉ ለቅሶ ቢሆን፣ ጥሩዬ በሰርጓ ቀን እናቷን አስለቅሳ ብትሄድ፣ ማን ይመልሰዋል? ቀልድ እኮ ጥሩ የሚሆነው እስኪታይ ድረስ ነው፤ ከታየ በኋላ የሰው ነው። ጥሩዬ ዓይነ ርግቧን እንደገና አስተካከለች። አሁንም እንደገና። አንዲት ሴትዮ «ምነው፣ ይወጋታል እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ።

ተስፋ ቆረጠች መሰለኝ፣ ሄዳ አያ ደሴ ፊት ተንበረከከች። ጎንበስ ስትል አያ ደሴ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አረጉና ከለከሏት።

«ቆይ» አሉ። «የወንድሜ ሳይሳም የኔ አይሳምም።»

ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፣ ገበያ ላይ በሚጣሩበት ድምፃቸው፣ «አንቺ ቀበጥ! ምን ትጠብቂያለሽ? ሳቢው እንጂ!» አሉኝ።

ሳብኩት። እግዜር ይስጣት እታለም፣ ክሩ አልተበጠሰም። መጋረጃው ከነልቡ ወረደና አንዱን ሚዜ ከራስ እስከ እግሩ ማስክ አረገው። እሱን ያየው ሰው የለም። ሁሉም የሚያየው ድንቹን ነበር፤ ዳስ የሚያህል ድንች፣ ውስጡ አያ ታከለ እየሳቁ።

እትዬ ዘውዴ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ብድግ አሉ። እኔ ዓይኔን ልጨፍን ስል ሞላ ዞረና አየው። ራሱን አየ፣ ክብ ፊቱን አየ፣ ድንቹን አየ፣ አማቱን አየ።

«አይ አማቴ!» ብሎ ጮኸ። «ዛሬም አልተውኝም?»

ከእትዬ ዘውዴ አንድ ድምፅ ወጣ። ሲነሳ ለቅሶ ነበር፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ሳቅ ሆነ። «ድንቹ! ኧረ ድንቹ! ታከለን ይዞት መጣ!» እያሉ ወገባቸውን ይዘው ፈረሱ፤ ጥሩዬ እንዳለችው፣ ልክ እንደዚያ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ዳሱ ተቀበላቸው። እንባ አልወደቀም ብል ዋሸሁ፤ ወርዷል፣ የአያ ደሴም ሳይቀር። ግን የሳቁን ከሐዘኑ ማን ይለየው? እንደ ጤፍና እንክርዳድ ተቀምጦ የሚለቅም ሰው አልተገኘም።

ጥሩዬ ተነስታ ወደ ባነሩ ሄደች። የአባቷ ጉልበት ፎቶው ላይ የለም፣ አግዳሚው ከልሎታል። ጉቡን ፈለገች፤ እጃቸውን አገኘችና ሳመቻት። ከዚያ የእናቷን ጉልበት፣ ከዚያ የአያ ደሴን። ተመረቀች። ወጣች። እኔ አግዳሚው ላይ ክሬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ያቺን ጉብ በማውጣቴ ያን ቀን የተሰማኝን፣ በየትኛውም ፈተና አንደኛ ብወጣ የማገኘው አይመስለኝም። እንዳትፈሩ፣ አልወጣም።

ሰው ሲበታተን አያ ደሴን አፈላልጌ አገኘኋቸው። «አያ፣ መቼ ነው ያወቁት?»

«እኔ ጆንያ በአፉ አይቼ ገዝቼ አውቃለሁ?» አሉኝ። ለካ ጠዋት በጀርባ ሲዞሩ መጋረጃውን ገልጠው አይተውታል!

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልቆጣ ነበር። አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። ከባነር ጀርባ ብቻዬን ቆሜ እንደ ሕፃን ሳቅሁ፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ስስቅ ገና መጀመሪያዬ ነው። እኔን እንዲህ ካረገኝ ዘውዴንም ያረጋታል አልኩ።» ከዚያ በዓይናቸው ጥግ አዩኝ። «ደግሞስ፣ አንቺ ስትፈሪ ማየት አምሮኝ ነበር። ስለ አህያው ጆሮ ሰምቻለሁ።»

ይኸውላችሁ። ሰው አታለልኩ ብዬ አግዳሚ ላይ ክሬን ይዤ ስጨነቅ፣ የተታለልሁት እኔ ነበርሁ። ከሰርገኛው መሀል ነገሩን ሁሉ ተሸፍኖም ሳይሸፈንም ያዩት ሰው አንድ አያ ደሴ ነበሩ፤ ሳይታዩ።

ከዚያ ወዲህ ሞላ ከገሳይ በመጣ ቁጥር ጆንያ ድንች ይጥልልናል። ቅቅል በላን፣ ወጥ በላን፣ ጥብስ በላን፤ እታለም «ምነው አባትየው አማቻቸውን 'በጌ' ቢሉት ኖሮ» ማለት ጀምራለች። መጋረጃዋም አልተመለሰም፤ ጥሩዬ የሙሽራ ቤቷ መስኮት ላይ ሰቅላዋለች አሉ፤ ፀሐይ በልቡ ቀዳዳ እየገባች ወለሉ ላይ ታርፋለች አሉ። በፎቶ ቤታችንም ከልብና ከኮከቡ ጎን አሁን ድንች አለ። የሚጠይቅ ሞልቷል። «ሰው በዛብን፣ ልብ አይበቃንም፣ በዚያ በድንቹ አርጉልን» ይላሉ። እኔም ከመሥራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ከጥግ የቀረ እጅ አለ ወይ? ካለ ጉብ አወጣለታለሁ።

እንግዲህ አመናችሁኝም አላመናችሁኝም ያመሰገንኩትን አመስግኛለሁ፤ እታለምን ስለ ክሩ፣ አያ ደሴን ስለ ሳቃቸው፣ ጥሩዬን ሳታውቀኝ ስላመነችኝ፣ እግዜርን ድንችን ሲፈጥር ቅርጹን ስላልተጨነቀበት። እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ይህን ለሌላ ሰው አውሩት፤ በሚኒባስም፣ በወፍጮ ቤትም፣ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ተነክራችሁም ቢሆን። ሁሉን መናገር ካልቻላችሁ የፈለጋችሁትን ሸፍኑት፤ እኔን ሸፍኑኝ፣ የአህያውን ጆሮ ሸፍኑልኝ፣ በተለይ መፍራቴን ሸፍኑልኝ። ጉቡን ግን እንዳትተዉት። እጃቸው እዚያ ነው ያለች።